ጋሽ ፊሽካ እና ሙሉዋ ኳስ

ሰውዬው እናቱ ያወጣችለት ጥሩ ስም አለው። ስሙን የሚያውቁት ግን መታወቂያውና ሚስቱ ብቻ ናቸው፤ ሚስቱም ብትሆን በዚያ ስም የምትጠራው ሲያናድዳት ነው። ለቀረው ሰው ጋሽ ፊሽካ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ቀለም ፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ባልዲ ሲቆጥር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ያ ግን መተዳደሪያው እንጂ ኑሮው አልነበረም። ኑሮው እሁድ ነበር። እሁድ እሁድ ጥቁር ቁምጣውን አጥልቆ፣ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦ፣ ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሜዳ ሲገባ፣ ሰኞ አለቃው "ና ወዲህ!" እያለ የሚጮኽበት ሰው መሆኑን ይረሳል። በአንድ ትንፋሹ ሃያ ሁለት ጎረምሳ ቀጥ ይላል። እንዲህ ያለ ሥልጣን የቀመሰ ሰው ደግሞ በቀላሉ አይድንም።

አልዳነምም። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሜዳው ቤቱ ሆነ። መጋረጃ ጠሟል ብሎ ያስወርዳል፤ የጎረቤት አጥር ስንት ጣት እንደገፋ በእርምጃ ይለካል፤ ሚስቱና እህቷ ሲጨቃጨቁ ማንም ሳይጠራው መሐል ገብቶ "የጀመርሽው አንቺ ነሽ" ብሎ ፈርዶ ይወጣል። ሁለቱም ያን ጊዜ ጠባቸውን ትተው በእሱ ላይ ይተባበራሉ። እሱ ግን ይህንን የዳኝነቱ ውጤት አድርጎ ይቆጥረዋል።

ሚስቱ ኬክ ጋጋሪ ናት። ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ፣ በሁለት ኦቨንና በአንድ አሮጌ የክሬም መምቻ፣ የሠርግ፣ የልደትና የምርቃት ኬክ እየሠራች ሦስት ልጆች አስተምራ ለወግ አብቅታለች። እጇ ወርቅ ነው። ሰዉ ግን ያንን ኬክ "የፊሽካ ቤት ኬክ" ነው የሚለው፤ ፊሽካ በሕይወቱ አንድ እንቁላል ሰብሮ አያውቅም።

የሰውዬውን ነገር ለመረዳት ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ስለነበረች አንዲት ጎል ማወቅ ያስፈልጋል። የሰፈሩ ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዋንጫ ደርሶ ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ዘጠኝ ቁጥር የሚለብሰው ረጅሙ አጥቂ ከማዕዘን የተሻገረችውን ኳስ አየር ላይ አገኛት። ኳሷ አግዳሚውን ከውስጥ በኩል መታች፣ መሬት ነጠረች፣ ተመልሳ ወጥታ ግብ ጠባቂው እቅፍ ውስጥ ገባች። ግማሹ ተመልካች "ጎል!" ብሎ ጮኸ፤ ግማሹ "አልገባችም!" አለ። ከዚያ ሁሉም ዞሮ ፊሽካን አየው።

ፊሽካ አላየም። ያን ቀን አዲስ ጫማ አድርጎ ነበር። ለዋንጫ ጨዋታ ያምርብኛል ብሎ፣ ልኩ ቢጠፋ አንድ ቁጥር ያነሰውን ገዝቶ። ኳሷ ከማዕዘን ስትነሳ እሱ ጎንበስ ብሎ ጣቱን ከተረከዙ ሥር ሰዶ ጫማውን ያላላ ነበር። ቀና ሲል ነገሩ ሁሉ አልቋል። "አላየሁም፣ የመስመር ዳኛውን ልጠይቅ" ቢል የሚሞት ሰው አልነበረም። ግን ዳኛ እንዴት አላየሁም ይላል? አፉን ሞልቶ "አልገባችም! ይቀጥል!" አለ። ዋንጫው ለሌላ ሰፈር ሄደ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሌባ ተባለ። ተጋጣሚው ክለብ ፍሪጅ ገዝቶለታል ተብሎ ተወራ። ፍሪጁን ሚስቱ በኬክ ነበር የገዛችው፤ ግን ማን ይሰማታል? የሰውዬው ጉድ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ ሌባ መባሉ ብዙም አላስከፋውም። ሌባ ዳኛ ማለት፣ እሱ እንደሚያስበው፣ ያየውን እንዳላየ የሆነ ሰው ነው፤ ዓይኑ ላይ ሐሜት የለም። ያላየ ዳኛ ግን ምን ይባላል? እንደዚያ ከመባል ሌባ መባልን መረጠ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ አሥራ ዘጠኝ ዓመት "በዓይኔ አይቻለሁ፣ አልገባችም" ሲል ኖረ። የጫማውን ነገር ለሚስቱም ቢሆን ትንፍሽ አላለም።

አንድ ነገር ብቻ እንደ እሾህ ተሰክቶበት ቀረ። ዘጠኝ ቁጥሩ አደገ፣ ነገደ፣ ሆዱ ትንሽ ወጣ አለና የክለቡ ሊቀመንበር ሆነ። ይህ ሰው ፊሽካን ሰላም አይለውም። አይሰድበውም፣ አይገላምጠውም፤ እግረኛ መንገድ ላይ ሲገናኙ የመብራት ምሰሶ እንደሚያልፉ ሁሉ ያልፈዋል። ፊሽካ መድኃኒት ቤት ሲሄድ በክለቡ በር ላለማለፍ ሁለት መንገድ ይዞራል። ያ ሰው አንድ ቀን፣ ሰው ባለበት፣ እጁን ቢዘረጋለት ሌላ የሚመኘው ነገር አልነበረም። ይህንን ለማንም አልተናገረም፤ ሚስቱ ግን ሁለቱን መንገድ ሲዞር እያየች ገብቷታል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው አንድ ማክሰኞ ስልክ የተደወለው። የክለቡ ጸሐፊ ነበረች።

"ክለባችን አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ለእሁድ ለሰማንያ ሰው የሚሆን ኬክ እንፈልጋለን" አለች። "የኳስ ቅርጽ ያለው። ሊቀመንበሩ ከእርስዎ እጅ ይሁን ብለዋል። ደግሞ ባለቤትዎም አብረው ይምጡ ብለዋል።"

ሚስቱ ስልኩን ዘግታ የሰማችውን ስትነግረው ፊሽካ ጋዜጣውን አጠፈ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

"ባለቤትዎም ነው ያለችው?" አለ።

"ባለቤትዎም።"

"እኔን ነዋ።"

"ሌላ ባል የለኝም፤ አንተው ነህ።"

ፊሽካ ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመና ለረጅም ጊዜ ምንም ወደሌለበት ግቢ አየ። ከዚያ ዞሮ፣ "እንግዲያው ኬኩን በሥርዓት መሥራት አለብን" አለ። "አለብን" የሚለውን ሚስቱ ሰምታለች፤ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

ኳስ ኬክ ለእሷ አዲስ አይደለም። አሠራሩ ቀላል ነው፤ በጎድጓዳ ሳህን የተጋገረ ኬክ ይገለበጣል፣ ጣውላ ላይ ይቀመጣል፣ በክሬም ይለሰናል፣ በተዳመጠ የስኳር ሊጥ ይለበጣል። ግማሽ ኳስ ይሆናል፤ ሣር ውስጥ የተቀበረች ያህል ዙሪያዋን በአረንጓዴ ክሬም ይከበባል፤ ያየ ሁሉ ኳስ ነች ይላል። አርብ ጠዋት ሳህኗን ቅቤ ስትቀባ ባሏ ሜትር ይዞ ገባ።

"ይቺ ግማሽ ነች" አለ።

"አዎ፣ ግማሽ ነች።"

"ግማሽ ኳስ የሚባል ነገር የለም። ግማሽ ኳስ ማለት የተነፈሰ ኳስ ነው። የተነፈሰ ኳስ ይዤ ነው እዚያ አዳራሽ የምገባው?"

"የታችኛውን ግማሽ ማን ያየዋል አንተ ሰውዬ?"

"እኔ አየዋለሁ!" አለ ፊሽካ።

ይህን ያለው ማን እንደሆነ አንባቢ ልብ ይሏል። ቀጥሎ ሳህኗን በሜትር ዞራት። "ሕጋዊ ኳስ ዙሪያዋ ከሰባ ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ይቺ ዘጠና ስምንት ናት።"

"ሰማንያ ሰው በሰባ ሴንቲ ሜትር ላይ ምን ሊልስ ነው?"

ፊሽካ አሰበ። በዚህስ ተሸነፈ። በሙሉነቷ ላይ ግን ንቅንቅ አልልም አለ። ሚስቱ ልትጮኽበት አፏን ከፈተችና ፊቱን አየችው። ሽማግሌው ሜትሩን ዘርግቶ ሳህኗን እንደገና ይለካ ጀመር። የሚለካው ኬክ አለመሆኑ ገባት፤ አዘነችለት። "እሺ" አለች፣ "ሙሉ ትሁንልህ።" ከዚያ ቀን ስህተቶች ሁሉ ትልቁ ይህ እሺታዋ ነበር።

ሙሉ ኳስ ማለት ሌላ ሥራ ነው። ዘጠኝ ኪሎ የሚሆን ለስላሳ ኬክ በእምብርቷ ላይ ልቁም ትላለች፤ የራሷ ክብደት የታቹን ይደፈጥጠዋል። ሚስቱ ጣውላውን ሰርስራ መሐሉ ላይ ወፍራም እንጨት ተከለች። የታችኛውን ግማሽ ከሥሩ ትንሽ ደልደል አድርጋ ቆርጣ በእንጨቱ ላይ አወረደች። አራት ቀጫጭን እንጨቶች ሰካችበት፣ በላያቸው ክብ ካርቶን አስቀመጠች፣ የላይኛውን ግማሽ በዚያ ላይ ጫነች፤ የላዩ ክብደት በእንጨቶቹ እንጂ በታቹ ኬክ ላይ እንዳያርፍ። ይህን ሁሉ ማንም መሐንዲስ አላስተማራትም። ባሏ በሩ ላይ ወንበር ይዞ ተቀምጦ፣ ክሬሙ እንዳይቀልጥ የተከፈተውን መስኮት ለብርድ ያጋልጠኛል ብሎ ዘጋው። እሷ ከፈተችው። እሱ ዘጋው። በመጨረሻ ወንበሩን ከነሰውዬው ወደ ኮሪደር ገፋችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ልባሷ ተጀመረ። አምስት ማዕዘን ያላቸው ጥቁር አሥራ ሁለት፣ ስድስት ማዕዘን ያላቸው ነጭ ሃያ። እያንዳንዷን በካርቶን ልክ እየቆረጠች፣ ጠርዟን በውሃ እያረጠበች፣ አንድ በአንድ ትለጥፋለች። ጀርባዋ እሳት ሆኗል። ሃያ አምስተኛዋ ላይ ስትደርስ ከኮሪደር፣

"ቁም!" የሚል ድምፅ መጣ። "ሁለት ጥቁር ጎን ለጎን ተቀምጧል! ጥቁር ጥቁርን አይነካም፤ ይህ ሕገ ወጥ ኳስ ነው!"

ዞራ አየችው። እውነቱን ነበር። ሰውዬው ልክ ያልሆነ ጊዜ ይቻላል፤ ልክ የሆነ ጊዜ ግን ፈጣሪ ይሁናት እንጂ ምን ይባላል። ስድስቱን ነቅላ እንደገና ለጠፈች፤ እሱም ማታ ለእህቷ ስልክ ደውሎ "ኬኩ ከእኔ እጅ ባይገባ ኖሮ ተዋርደን ነበር" አላት።

እሁድ ከምሳ በኋላ ጎረቤታቸው ባለታክሲው መጣ። ፊሽካ ከጠዋት ጀምሮ ለብሶ ተቀምጧል፤ ለልጁ ሠርግ የገዛው ሙሉ ልብስ፣ በላዩ ላይ ሽቶ። ኳሷ ግርማ ነበራት። ባለታክሲው አይቷት "እትዬ፣ ይህስ ከሚበላ ግብ ቢያስቆጥሩበት ይሻላል" ብሎ አፉን በመዳፉ ያዘ። የዕቃ መጫኛው ወለል ዘመም ያለ ስለሆነ፣ ጣውላው ኋላ ወንበር ላይ፣ በባልና ሚስቱ ጉልበት ላይ ተጋድሞ እንዲሄድ ተወሰነ። ኳሷን በተጠቀለለ ፎጣ ዙሪያዋን አስደገፏት።

"አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ" አለችው ሚስቱ። "እስክንደርስ ጉልበትህን አታንቀሳቅስ። ሌላ ሥራ የለህም፤ ጠረጴዛ ሁን።"

"ሃያ ሰባት ዓመት ሜዳ ላይ የሮጠ ጉልበት እኮ ነው" አለ ፊሽካ።

ጠረጴዛው ግን ዝም አላለም። "ቀስ! ጉድጓድ በግራ! ፍሬኑን በስሱ!" እያለ ባለታክሲውን ነፍሱን አወጣው። አንዴ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ቢጫ ወረቀት አውጥቶ ወደ መስታወቱ አሳየው። ባለታክሲው በመስታወቱ ሚስቱን አያት፤ ሚስቱ ወደ ውጭ አየች።

ከጋራዦቹ ሰፈር ሲደርሱ መንገዱ ተዘግቷል። ዘይት የነካው ቱታ የለበሱ መካኒኮች ሁለት ሁለት ጎማ ለግብ ተክለው እየተጫወቱ ነው። ባለታክሲው ክላክስ ነካ አደረገና እስኪያሳልፉት ቆመ። ልክ በዚያች ቅጽበት አንዱ መታ፤ ኳሷ ጎማውን ታክካ አለፈች።

"ገባች!"

"የት ትገባለች! ጎማ ነክታ ወጣች!"

ሚስቱ የባሏ ጆሮ ሲቆም አየች። "እንዳትወርድ" አለች። "ስማ፣ በልጆችህ ይዤሃለሁ፣ እንዳ—"

ወርዷል። በሩን ከፍቶ፣ ጉልበቱን ከጣውላው ሥር ነጥቆ፣ ኮቱ እየተውለበለበ መሐል መንገድ ገብቷል። በእሱ በኩል የነበረው የጣውላው ጫፍ ወንበሩ ላይ ወደቀ፤ ዘጠኝ ኪሎ ኳስ ከነእንጨቷ ወደ ተከፈተው በር አጋደለች። ሚስቱ ሁለት እጇን፣ ደረቷንና ጉንጯን ሰዳ ያዘቻት። ይዛ አዳነቻት፤ ግን ክርኗ ሁለት ነጭና አንድ ጥቁር ውስጥ እስከ ኬኩ ድረስ ሰመጠ።

ውጭ ፍርድ እየተሰጠ ነው።

"አልገባችም!" ይላል ፊሽካ እጁን አወዛውዞ። "ይቀጥል!"

"አባባ፣ አይተዋታል እንዴ?" አለው አንዱ መካኒክ።

"በድምፁ ይታወቃል!"

መካኒኮቹ ተያዩና ሳቅ ያንፈራፍራቸው ጀመር። "ፋዘር፣ ከመንገድ ዞር ይበሉልን፣ ታክሲ ሊያልፍ ነው" አሉት። ታክሲው የእሱው መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ ፈጀበት።

ሲመለስ ሚስቱ አልተቆጣችም። ይህ የባሰ ነበር። ከቦርሳዋ የተረፈ የስኳር ሊጥና ትንሽ ቢላ አውጥታ፣ በጠራራው ፀሐይ፣ በታክሲ ውስጥ፣ ጉድጓዱን በክሬም ሞልታ ሦስት ቁራጭ ቆርጣ ለጠፈች። ተለጠፈ፤ ግን በዚያ በኩል ኳሷ ጉንጯ እንዳበጠ ሰው ሆነች። እጅጌዋ እስከ ክርኗ ክሬም ነው።

"አይታይም" አለ ፊሽካ አጎንብሶ መርምሮ።

"ግባ፣ ተቀመጥ" አለች።

አዳራሹ ውስጥ የላስቲክ ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል፤ ከመድረኩ አጠገብ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ አለ። ሚስቱ ያበጠውን ጉንጭ ወደ ግድግዳው አዙራ ኳሷን ስታስቀምጥ ሰማንያ ሰው በአንድ ድምፅ "ውይ!" አለ። ከዚያ ጭብጨባ። ፊሽካ አንገቱን ሰበር አድርጎ ለጭብጨባው ምስጋና አቀረበ። ማን እንደጋገረው የጠየቀ የለም፤ የታየው ከጎኗ ቆሞ የሚሰግደው ሰው ነው። ሚስቱ እጅጌዋን በውሃ ልትጠርግ ወደ ጓዳው ገባች።

ሊቀመንበሩ ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ስለ አርባው ዓመት ተናገረ፣ የሞቱትን አሰበ፣ የደከሙትን አመሰገነ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው አየ።

"ጋሽ ፊሽካ፣ እስኪ ወዲህ ይምጡ።"

ፊሽካ እንዴት መድረኩ ላይ እንደወጣ አያውቅም። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ከዚያ ሰው ጋር የተራራቁት በአንድ ክንድ ብቻ ነበር።

"ዛሬ አንድ ነገር ልናዘዝ ነው" አለ ሊቀመንበሩ። "ያቺን የዋንጫ ኳስ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እስከ ዛሬ በግንባሬ ገጨኋት እያልኩ ኖሬያለሁ። እውነቱን ልናገር፤ በእጄ ነው የመታኋት።" አዳራሹ አጉረመረመ። "ጋሽ ፊሽካ ይህን አይተዋል። ቀይ ካርድ ሰጥተው በሰው ፊት ሊያዋርዱኝ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን አልገባችም ብለው ሸፈኑልኝ፤ ላመሰግናቸው ሲገባኝ ሌባ ተባሉ። እውነት ነው ወይስ ውሸት ጋሼ?"

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። የፊሽካ ሳር እስከ ጉልበት የደረሰ ለምለም ነበር። ሌብነቱ ባንድ ቃል ታጠበ፤ ዓይኑ ይሞገሳል፤ በዚያ ላይ ደግ ሰው ሆኖ ተገኝቷል። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ድምፅ ማጉያውን ተቀበለ።

"እውነት ነው" አለ። "እንዲያውም በግራ እጁ ነው።"

"በግራ?" አለ ሊቀመንበሩ።

"በግራ፣ እዚህ አንጓው ጋ። ከእኔ እስከ እሱ አሥር እርምጃ አይሞላም። ከማዕዘን ስትነሳ ጀምሮ ዓይኔን አልነቀልኩም። ወጣት ነው፣ ነገ ትልቅ ቦታ ይደርሳል፣ ለምን አሰናክለዋለሁ አልኩ። ነገሩን በሆዴ ይዤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቻልኩት። ሰው ይስደበኝ፣ ዓይኔ ግን ያየውን አይቷል!"

ሊቀመንበሩ ድምፅ ማጉያውን ከእጁ ቀስ ብሎ ወሰደ።

"ጋሼ" አለ፣ "እጄ አልነካትም። በግንባሬ ነው የገጨኋት። ከኋላ የተቀመጡት ሁሉ ሜዳው ውስጥ ነበሩ፤ ይጠይቋቸው።"

ከኋላ ረድፍ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ "በግንባሩ ነው!" ብሎ ጮኸ።

"እኔ ያን ሁሉ ዓመት አንድ ነገር ብቻ ነበር ማወቅ የፈለግሁት" ቀጠለ ሊቀመንበሩ። "አይተው ነው የሸጡን፣ ወይስ አላዩም? ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁበት ጊዜ አለ። ዛሬ አወቅሁ። ምንም አላዩም።"

መጀመሪያ የሳቀው ራሰ በራው ነው። ቀጥሎ አንድ ረድፍ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ለዚያ ነው የከፋው። ሰዎች እንባቸውን እየጠረጉ "አላየም እኮ! ምስኪን፣ አላየም!" ይባባላሉ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የያዙት ቂም ከላያቸው ላይ ሲወርድ ይታያል። ፊሽካ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

ሊቀመንበሩ እጁን ዘረጋ።

"ሌባ መስለውኝ ነበር" አለው፣ ከልቡ። "ሰላም የነሳሁዎትም ለዚያ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ።"

ፊሽካ ያንን እጅ ጨበጠ። ሰው ባለበት፣ መድረክ ላይ፣ በጭብጨባ። ልክ እንደተመኘው ነበር። ግን ቶሎ ለቀቀው።

ከመድረኩ ሲወርድ ሚስቱ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች። እጅጌዋ ረጥቧል። ሁሉንም ሰምታለች፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

"እውነት አላየህም ነበር?" አለችው በዝቅታ።

"ጫማው ጠቦኝ... ጎንበስ ብዬ..."

"ለእኔስ?"

"እ?"

"ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? እኔ ገበያ ስወጣ 'የሌባው ሚስት' ስባል፣ ልጆችህ ከትምህርት ቤት እያለቀሱ ሲመጡ፣ የገዛ እህቴ እንኳ 'እውነቱን ንገሪኝ፣ ምን ሰጡት?' ስትለኝ፣ እኔም አላውቅም ነበርኮ። አንዳንድ ቀን አድርጎት ይሆናል ብዬ ጠርጥሬሃለሁ። በአንድ ትራስ ተኝተን። 'ጎንበስ ብዬ ነበር' ብትለኝ ምን ነበረበት?"

"ትንቂኛለሽ ብዬ ነው" አለ ፊሽካ። በዚያን ቀን ከአፉ ሙሉ ሆኖ የወጣው እውነት ይሄ ብቻ ነበር።

ሚስቱ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ቢላውን አነሳች። ኳሷን ከላይ ጀምራ ቆረጠች፤ እንጨቶቹን አንድ በአንድ ነቀለች፣ ካርቶኑን አነሳች፣ የታችኛውን ግማሽ ከፈተች። ሰዎች የወረቀት ሳህን እየያዙ ተሰለፉ። "እጅሽ ይባረክ" ያላት የመጀመሪያው ሰው ሊቀመንበሩ ነበር፤ "አሜን" አለችና ትልቅ ቁራጭ ሰጠችው።

ፊሽካ የሚያደርገው ቢጠፋው እሱም ሳህን ይዞ ተሰለፈ። ከፊቱ የነበሩት እየዞሩ ትከሻውን መታ መታ ያደርጉታል፤ አንዱ "አይዞዎት ጋሼ፣ ዓይን ነው፣ ይደክማል" አለው። ተራው ሲደርስ ሳህኑን ዘረጋ። ሚስቱ ቢላዋ ላይ ያለውን ቁራጭ ይዛ በትከሻው በኩል ወደ ኋላ አየች።

"ቀጥሎ ያለው" አለች።

ከኋላው ያለው ሰው ትንሽ አመነታ። ከዚያ በጎኑ አልፎ ሳህኑን አቀረበ።